ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ፤ ግብሩን ለድሆች ያካፈለው ንጉሥ

ልጆች፣ በዛሬው ትምህርታችን ስለ ምጽዋት እንማራለን። ምጽዋት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከቅዳሴ ስትወጡ በደጀ ሰላም የተቀመጡትን ነዳያን በየሳምንቱ ታያላችሁና። ስለዚህ ዛሬ ትርጉሙን በቃላችሁ እንድታጠኑ አንሰጣችሁም። በምትኩ የአንድ ንጉሥ ታሪክ እንነግራችኋለን። ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ሰቆጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁለት ተማሪዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው እናቱ ጨው እንዲገዛላት የሰጠችውን ገንዘብ በደጁ ለተቀመጠ ሰው ሰጥቷል። ጓደኛው በዚህ ተቆጥቷል። ሰውየው ጎልማሳ እንደሆነ፣ እጅና እግሩም ደኅና እንደሆነ፣ ሠርቶ መብላት እንደሚችል፣ ምናልባትም በተሰጠው ገንዘብ ጠላ እንደሚጠጣበት ይነግረዋል። ፊተኛው ልጅ የሚመልሰው ቢያጣ ዐይኖቹ እንባ አቀረሩ። ደግሞም ያለ ጨው ወደ ቤት ሲመለስ እናቱ ምን እንደምትለው እያሰበ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወዲያው የምመልስላቸው አልነበረኝም። ስለዚህ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኳቸውና ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ሰነበትሁ። በቀጠሮው ቀን የነገርኳቸው ታሪክ እነሆ።

ከሰቆጣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ ከእናንተ መካከል የሄዳችሁበት ትኖራላችሁ። መንገዱ የዋግን ተራሮች አልፎ ላስታ ይገባል። ብልብላ ከሚባለው አገር ወዲያ፣ በከፍታው ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን አለ። በዚያ ደን ውስጥ ተራራው አፉን እንደከፈተ ሆኖ ታላቅ ዋሻ ይታያል። በዋሻው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለች። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች አይደለችም፤ በድንጋይና በእንጨት የታነጸች ናት። አንድ ረድፍ ድንጋይ በኖራ ተለስኖ ነጭ ሆኗል፤ በላዩ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት ተጋድሟል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። የጥንት አክሱማውያን ይሠሩ የነበረው በዚህ ዓይነት ነው። ዋሻው ከዝናብ ስለጠበቃት ብዙ መቶ ዓመታት ስታልፍ እንጨቷ እንኳ አልበሰበሰም። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ስሙ ግእዝ ነው፤ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው።

ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነበር። የነገሠው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ነው፤ ከዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ገደማ በፊት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከዛጉዌ ነገሥታት አራቱን በቅድስና ታስባቸዋለች። እነርሱም ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ቅዱስ ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ናቸው። የዛጉዌ ነገሥታት አገዎች ነበሩ። ስለዚህ እቤታችሁ ከአያቶቻችሁ ጋር በኽምጣኛ የምትነጋገሩ ልጆች፣ ይህ ንጉሥ የሩቅ አገር ሰው እንዳይመስላችሁ። ሰቆጣ ተቀምጠው ዋግን ያስተዳድሩ የነበሩት ዋግሹሞችም ዘራቸውን ከእነዚሁ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር።

አባቶች እንደሚተርኩት የይምርሐነ ክርስቶስ ልጅነት የተደላደለ አልነበረም። በዙፋኑ ላይ የነበረው አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም ነው። ይህ ልጅ አንድ ቀን እንደሚነግሥ በተሰማ ጊዜ አጎቱ ሊያጠፋው ፈለገ። ልጁም ከንጉሡ ፊት ሸሽቶ በስደት አደገ። የንጉሥ ዘመድ ሆኖ ሳለ በሰው አገር፣ የሰው ፊት እያየ ኖረ ማለት ነው። በስደቱም ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምሮ ቅስና ተቀበለ። አጎቱ ካለፈ በኋላ ግን እርሱ ነገሠ፤ ሲነግሥም ክህነቱን አልተወም። ጠዋት ይቀድሳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ይዳኛል። እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት እንደኖረ ይነገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጆች፣ በዚያ ዘመን ንጉሥ በምን ይኖር እንደነበረ ታውቃላችሁ? በግብር ነው። ገበሬው ካመረተው ላይ ለንጉሡ የሚያመጣው ድርሻ ግብር ይባላል። እስቲ በሐሳባችሁ ተመልከቱት። መኸር ገብቷል። ከየአገሩ ሰዎች ወደ ንጉሡ ደጅ ይጎርፋሉ። አንዱ ገብስ በአህያ ጭኖ፣ አንዱ በግ እየጎተተ፣ አንዱ ማር በእንስራ ተሸክሞ ይመጣል። የአገራችሁ የዋግ ነጭ ማር ዛሬም ስሙ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ወደ ንጉሡ ጎተራ ይገባል። ከዚያ ንጉሡ ይበላል፣ ቤተ ሰቡ ይበላል፣ ወታደሩ ይበላል። በሁሉም አገር ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥረውም ነበር።

ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ይህን ልማድ ተወው። ከሕዝቡ ግብር አልወስድም አለ። ልማድ ሆኖባቸው ግብሩን ይዘው የመጡ ሰዎች በተገኙ ጊዜም፣ የመጣው ሁሉ ለድሆች እንዲከፋፈል አዘዘ። ከዚያ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንተርከው የምንዘለው ነው። ንጉሥም ቢሆን መብላት አለበት። ግብሩን ለድሆች ከሰጠ እርሱ ምን ይብላ? ሰፊ እርሻ አሳረሰ፤ ኑሮው ከዚያ እርሻ በሚገኘው እህል ሆነ። ዝናብ ቢቀር የእርሱም ጎተራ እንደ ማንኛውም ገበሬ ጎተራ ይጎድላል ማለት ነው።

ይህን በምን አወቅን? ከይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል አገር መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ይህ ቄስ በአገራችን ስድስት ዓመት ሲቀመጥ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ መጽሐፉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1540 በሊዝበን ታተመ። በላስታ ካያቸው ቦታዎች አንዱ ይህ በዋሻ ያለው ደብር ነበር። ንጉሡ ግብር አለመቀበሉን፣ የመጣለትንም ለድሆች ማከፋፈሉን፣ ከእርሻው ይኖር እንደነበረም የጻፈው እርሱ ነው። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ካረፈ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ነገር ግን የላስታ ሰዎች ለእንግዳው ሲተርኩለት ይህችን ነገር አልረሷትም። ነገሥታት ስለ ጦርነታቸው ይታወሳሉ፤ ይህ ንጉሥ ግን የሚታወሰው ስለ ገብስና ስለ ማር ሆነ።

አልቫሬዝ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሥዕልም አይቶ ነበር። በሥዕሉ ላይ ንጉሡ ለቅዳሴ እንደሚቆም ካህን ለብሶ ቆሟል። በመስኮት በኩል አንዲት እጅ ወደ ውስጥ ተዘርግታለች፤ በእጂቱ ላይም ኅብስትና ወይን ይታያል። ንጉሡ በሚቀድስበት ጊዜ ኅብስቱና ወይኑ በመልአክ እጅ ከሰማይ ይመጣለት እንደነበረ አባቶች ስለሚተርኩ ሠዓሊው ይህንን ነው የሣለው። እኔ ስለዚህ ሥዕል ባሰብሁ ቁጥር የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ለአገር ሁሉ ሲያከፋፍል የኖረው ንጉሥ የተሣለው ሲሰጥ አይደለም፤ ሲቀበል ነው።

ልጆች፣ የሚለምን ሰው ስታዩ ከእናንተ የተለየ ዓይነት ፍጥረት ይመስላችኋል? እንግዲህ ስለ ራሳችን ጥቂት እንነጋገር። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ከዋግና ከላስታ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ፣ ሕፃናትን አዝሎ፣ ሽማግሌዎችን ደግፎ ወደ ኮረም ወረደ። እነዚያ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። አርሰው ነበር፤ ዘርተው ነበር፤ ሰማዩ ነው እምቢ ያለው። በኮረም እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉ፣ ዛሬ ደግሞ ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ጠላ ቀድተው እንጀራ የሚያቀርቡ አያቶች በመካከላችሁ ያሏችሁ ትኖራላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ መጥቶ ነበር። ያኔ በመጠለያው የተቀመጡት ከጥቂት ጊዜ በፊት የራሳቸው ማሳና የራሳቸው ፍየሎች የነበሯቸው ሰዎች ናቸው።

እኔም ብሆን ለማኝ ነበርሁ። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። የቆሎ ተማሪ ሆኜ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በእመቤታችን ስም እየለመንሁ ነው ንባብና ዜማ የተማርሁት። ውሻ ነክሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ያሰናበቱኝ ቤቶችም ነበሩ። ከሁሉ የማልረሳው ግን አንዲት እናት ናቸው። የሚሰጡኝ ቁራሽ ባልነበራቸው ጊዜ ከቤት ወጥተው፣ ዛሬ እንደሌላቸው በሐዘን ነግረውኝ፣ ስሜንና የት እንደምማር ይጠይቁኝ ነበር። ከእርሳቸው ደጅ ባዶዬን ስመለስ እንኳ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ሁለቱ ልጆች ክርክር እንመለስ። በደጁ የተቀመጠው ጎልማሳ ሠርቶ መብላት ይችል ነበርን? በሳምንቱ መካከል ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ አጫወትሁት። ከአበርገሌ የመጣ ሰው ነው። ክንዱ በእርግጥ ብርቱ ነው፤ ግን ክንዱን የሚያሳርፍበት መሬት የለውም። በየጠዋቱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ የተገኘ ዕለት ይሠራል፤ ሥራ ባጣ ዕለትና በበዓል ቀን ከደጀ ሰላም ይቀመጣል። ይህንን ለመጠየቅ የወሰደብኝ ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር። እኔን ጨምሮ በዚያ ደጅ ከምናልፈው ሁሉ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ስል የሚለምኑ ሁሉ እንደ እርሱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያገኘውን የሚጠጣበትም አይጠፋም፤ አይተናልና አንዋሽም። ልጆችን እያስለመነ ራሱ ጥላ የሚቀመጥ ሰውም አለ። እንዲህ ላለው ገንዘብ ከመስጠት ለልጁ ዳቦ መስጠት ይሻላል። የምትጠራጠሩ ከሆነ ደግሞ ለዲያቆኑ ወይም ለአስተማሪያችሁ ንገሩ፤ በከተማችን ማን እንደተቸገረ የሚያውቅ ሰው አይታጣም። ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲከፋፈል አዘዘ እንጂ ከጎተራው ደጅ ቆሞ እየበተነ አልዋለም፤ በየአገሩ ማን ድሃ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች ሳይኖሩት አልቀሩም። ነገር ግን ንጉሡ ይህ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም እያለ ሲመረምርና ሲያባርር እንደነበረ የሚናገር ታሪክ አልሰማንም።

ገንዘብ ወይስ እህል የሚለውም ጥያቄ አለ። በይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን እንደ ዛሬው ብርና ሳንቲም አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ያስመቱት የነበረው ገንዘብ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። በኋላ ዘመን በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ደግሞ ይህችው ሰቆጣ ነበረች። ስለዚህ ያ ንጉሥ ለድሃ የሰጠው የሚበላ ነገር ነው። እናንተም ሳንቲም ከሌላችሁ አትሸማቀቁ። ከቆሏችሁ ግማሹን፣ ከዳቦአችሁ ቁራሹን፣ ለጠማውም አንድ ጣሳ ውኃ መስጠት ትችላላችሁ። ምንም ከሌላችሁም ሰውየው እንደ ድንጋይ ተዘልሎ እንዳይታለፍ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ። እንደ እነዚያ እናት ማለቴ ነው።

የጨው ገንዘቡ ጉዳይ ግን አልተዘጋም። ይምርሐነ ክርስቶስ የሰጠው በሕግ የእርሱ የሆነውን ነው። ግብሩን ቢበላው ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ሰጠውና እርሱ ወደ እርሻ ተመለሰ። ተማሪያችን የሰጠው ግን የእናቱን ነው። ልቡ የራራ ልጅ መሆኑ ያስደስተናል፤ ሆኖም ያን ቀን ወጡ ያለ ጨው የተሠራባት እናቱ ናት፤ እርሷም አልተጠየቀችም። ይህንን ስነግረው አንገቱን ደፋ። ከዚያም ለእናቱ እውነቱን ነግሯት እንደነበረ ገለጠልኝ። አልመታችውም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ አስቀድሞ እንዲጠይቃት፣ እርሷም እምቢ እንደማትለው ነግራዋለች።

ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ካረፈ በኋላ የተቀበረው በዚያችው በዋሻዋ ውስጥ ነው። ቅድስናውን ሰምቶ ከግብፅ አገር ድረስ ሊያየው የመጣ ታላቅ አባት እንደነበረ፣ እርሱም እዚያው ዐርፎ በንጉሡ አጠገብ እንደተቀበረ የቦታው ካህናት ለአልቫሬዝ ነግረውት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች ዐፅም ዛሬም ይታያል። በጥንት ጊዜ ከሩቅ መጥተው እዚያው ያረፉ የምእመናን ዐፅም እንደሆነ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያውን የምታደርገው በየዓመቱ ጥቅምት 19 ቀን ነው። በዚያ ወራት ክረምቱ አልፎ በደጋው ገብሱ ያሸታል፤ መንገዱም ለእግረኛ ይመቻል።

ታሪኩን በጨረስሁ ጊዜ ያ የተቆጣው ልጅ እጁን አነሣ። ንጉሡ ሞፈሩን በገዛ እጁ ይዞ ያርስ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርሻውን ያሳርስ እንደነበረ እንጂ በእጁ ማረሱን እንዳላነበብሁ ነገርሁት። መልሴ አላረካውም። ራሱን እየነቀነቀ ከጓደኛው ጋር ወጣ፤ እስከ አጥሩ በር ድረስም ስለዚሁ ሲከራከሩ ይሰሙኝ ነበር።

የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ያሉ አያቶቻችሁን ወይም ጎረቤት ያሉ አረጋውያንን ሂዱና፣ በ1977 ዓ.ም. የት እንደነበሩ፣ ያኔ ቁራሽ እንጀራ ወይም አንድ ቅል ውኃ የሰጣቸው ማን እንደነበረ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ።